በሐምሌ በረዶ ፍለጋ

ኤድመንተን ለሚኖር ሰው በረዶ የቤት ሥራ ነው። ጥቅምት ሳያልቅ ይጀምራል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ አካፋ ይያዛል፤ ደጃፉ ላይ ያለውን የእግረኛ መንገድ ያልጠረገ ሰው ማዘጋጃ ቤቱ ይቀጣዋል። መኪናም ቆፈን ይዞት አልነሳም እንዳይል ሌሊቱን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያድራል። ሚያዝያ ላይ ወገባችንን ይዘን ቀና ስንል ሁላችንም የምንናገረው አንድ ነው፤ «ሁለተኛ ይህን ነጭ ነገር ዓይኔን አያሳየው!»

ሐምሌ ሲገባ ከአገር ቤት እንግዳ ይመጣል። ሻንጣው ሳይፈታ፣ ድርቆሹና በርበሬው ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ፣ «በረዶውን መቼ ነው የምታሳዩን?» ይላል።

ያናድደኛል። ታኅሣሥ ላይ ኑና እንደ ልባችሁ እዩት፣ አካፋም እንሰጣችኋለን ስንላቸው «ኧረ ብርዱን ማን ችሎት!» ብለው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ደጅ ድረስ በነፃ የሚመጣውን ሸሽተው፣ ቀኑን ሙሉ ተነድቶ የሚደረስበትንና ቲኬት የሚቆረጥለትን ይፈልጋሉ። የሚገርመው ደግሞ እኛም እምቢ አንልም። ስድስት ወር ስንረግመው የከረምነውን ነገር ለማየት ነዳጅ ሞልተን፣ ልጆች ጭነን፣ ደስ ብሎን እንነሳለን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? በደጅ ያለ በረዶማ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት።

የሚኬድበት ቦታ አታባስካ ይባላል። ከጃስፐር ከተማ ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሮኪ ተራሮች መሀል፣ ኮሎምቢያ ከሚሉት ሰፊ የበረዶ አምባ ላይ ወደ ሸለቆው የሚወርድ የበረዶ ግግር ነው። ርዝመቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ 300 ሜትር ይደርሳል። ከአውራ ጎዳናው ላይ ሆኖ በዓይን የሚታይ በመሆኑ በየዓመቱ ሰው ይጎርፍበታል። ከእኛ ቤት ደርሶ መልስ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ተረኛዋ እንግዳ አማቴ ነበሩ።

አማቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ካላት ከተማ ለመጣ ሰው ስለ ብርድ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። «እማማ፣ እዚያ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ይህን ጃኬት ይልበሱ» ስላቸው፣ ጃኬቱን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ውፍረቱን ለኩና «ይሄ ነው ጃኬት?» ብለው ጋቢያቸውን ከሻንጣ አወጡ።

ጉዞው የሚውልበትን ቀን መምረጥ ራሱ የሊቃውንት ጉባኤ ይጠይቃል። ጾመ ሐዋርያት ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ፣ ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ፣ የባለቤቴ ወንድም ከሥራ የሚያርፍበት፣ ሰማዩም የማያኮርፍበት ቀን መገኘት አለበት። ተገኘ። «ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንንቀሳቀስ» ተባለ። ተንቀሳቀስን፤ 4 ሰዓት ላይ። ዶሮ ወጡ ከሌሊት ጀምሮ ዝግጁ ነበር፤ ያዘገየን ረከቦት ይጫን አይጫን የሚለው ክርክር ነው። በመጨረሻ ቡናው በፔርሙስ እንዲሄድ፣ ዕጣኑ ግን እንዲቀር ተስማማን።

የባለቤቴ ወንድም የመጣው ከፎርት ማክመሪ ነው። እዚያ ከአሸዋ ውስጥ ዘይት የሚያወጡ ማዕድን ማውጫዎች አሉ፤ እሱም ከነዚያ ግዙፍ የጭነት መኪናዎች አንዱን ይነዳል። ለዚህ ጉዞ የለበሰውን ያየ ሰው ኤቨረስትን ጨርሶ ሊወርድ የመጣ ነበር የሚመስለው። ባለ ሹል ጫፍ ምርኩዝ በሁለት እጁ፣ የብረት ቀለበት ከወገቡ፣ ብርቱካናማ ባርኔጣ ከራሱ። የጓንቱ ዋጋ የተጻፈባት ወረቀት ገና አልተቆረጠችም። እናቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «የት ልትዘምት ነው?» አሉት።

ጃስፐር ስንደርስ መኪናው ውስጥ የነበረው ወሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የተነሳው የደን ቃጠሎ የከተማዋን ሕንፃዎች ሲሶ ያህል በልቷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፎቹ ከስለው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሐምራዊ አበባ መብቀል ጀምሯል። አማቴ አማተቡ። ልጆቹ እንኳ ስልካቸውን አስቀመጡ።

ከከተማው ወጣ ብለን ለምሳ ስንቆም ልጄ ከቦርሳው ቀይ ጣሳ አውጥቶ ወገቡ ላይ አንጠለጠለ። አያቱ ምንነቱን ጠየቁት። ድብ ቢመጣ ዓይኑ ላይ የሚረጭ ነው አላቸው።

«ምን አለበት ውስጡ?»

«በርበሬ ነው፣ እማማ።»

እውነቱን ነው፤ ጣሳው ውስጥ ያለው የበርበሬ ማቃጠያ የሆነው ቅመም ነው። አማቴ ጣሳውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «እኛ በርበሬ የምናቀርበው ለክቡር እንግዳ ነው፤ እነዚህ ድብ ያባርሩበታል? እንግዲያው አልጫ የለመደ ድብ ነው ማለት ነው» አሉ። ከዚያ የዶሮ ወጡን ክዳን ከፈቱ። ሽታው ሸለቆውን ሞላው። በዚያ ፓርክ ምግብ ሜዳ ላይ ትቶ ዞር ማለት ያስቀጣል፤ እኛ ግን ትተን ልንሄድ የምንችለው ምግብ አልነበረም። ከአጥንት በቀር የተረፈ የለም፣ አጥንቱም ተቆጥሮ ተጠቅልሎ ድብ በማይከፍተው የብረት ቆሻሻ መጣያ ገባ።

ድቡንስ አየነው። ጥቂት እንደተጓዝን መኪናዎች ያለ መብራት፣ ያለ ፖሊስ ተሰልፈው ቆመዋል። እዚያ አገር መንገድ በዚህ ሁኔታ ከተዘጋ ምክንያቱ አደጋ ወይም ድብ ነው። አንድ ጥቁር ድብ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ቢጫ አበባ እየነጨ ይበላል፤ ቀናም አላለ። ሃምሳ ስልክ ተደግኖበታል። አማቴ በመስኮት ትንሽ አዩትና ተስፋ በቆረጠ ድምፅ «ሣር ነው እንዴ የሚበላው? ጾሙን ነው?» አሉ።

ግግሩ ጋ ሲደርሱ ቀድሞ የሚቀበለው ንፋሱ ነው። በረዶው ላይ የዋለ አየር ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ሲከብድ ሸለቆውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። በመሆኑም ከአንድ ሰዓት በፊት ጃስፐር ላይ በቁምጣ ሆኖ አይስክሬም ይልስ የነበረ ቱሪስት እዚህ መኪና ማቆሚያው ላይ ክርኑን አቅፎ ይዘላል። አማቴ ጋቢውን ሳብ አድርገው አፋቸው ድረስ ተከናነቡና አካባቢውን ተመለከቱ። «ይቺ እንኳ የኛዋ ናት» አሉ።

ከማቆሚያው ወደ በረዶው የሚያወጣ የድንጋይ መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ በየርቀቱ ምልክት ተተክሏል፤ በዚህ ዓመት ግግሩ እዚህ ነበር ይላል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የበረዶው አፍ አሁን አውራ ጎዳናው ካለበት ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ አፈግፍጎ፣ ለኛ የተወልን የተፈጨ ድንጋይና ጭቃ ነው።

አማቴ 1992 የሚለው ምልክት አጠገብ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ዘጠና ሁለት! የናንተ ሰርግ ዓመት አይደለም እንዴ?»

ከምልክቱ እስከ በረዶው ያለውን ሜዳ በዓይናቸው ለኩት። ቀጥለው እኔን ለኩኝ፤ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆዩ። «እናንተ ልጅ ስታሳድጉ ይሄ ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደ?» አሉ። ቁጥሩ በፈረንጅ እንደሆነ፣ በእኛ 84 እንደሚሆን ነገርኳቸው። «ደርግ በወደቀ በዓመቱ በለኛ» አሉ፤ ሰርጉ ስለተነጠቀ ቅር ብሏቸው። ከዚያ በኋላ በየምልክቱ ፊት እየቆሙ በጣታቸው ሰባትና ስምንት ሲቀንሱ፣ ከኋላችን የነበሩት ጃፓኖች ጸሎት እያደረሱ መስሏቸው በአክብሮት ጠበቋቸው።

ለልጄ ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው። አስጎብኚው ግግሩ ሁልጊዜ ወደ ታች እንደሚጓዝ ነግሮታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ይህም ተራራ የሚያህል ነገር በገዛ ክብደቱ እየተገፋ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ታዲያ ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ እንዴት ወደ ኋላ ይቀራል? መልሱ ቀላል ነው፤ ከላይ ከሚመጣው ይልቅ ከታች የሚቀልጠው ይበልጣል። ወደ ፊት እየተራመደ ወደ ኋላ የሚቀር ነገር ልጄ አይቶ አያውቅም። እኔ ግን የማኅበራችን የአዳራሽ ግዢ ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ።

በረዶው ላይ የሚወጣው በልዩ አውቶቡስ ነው። ጎማዎቹ አንድ ሜትር ተኩል ይቆማሉ። የተሠራው እዚያው አልበርታ ውስጥ፣ ካልጋሪ ነው፤ አንድ ወንድሙ አንታርክቲካ ድረስ ሄዶ ተመራማሪ ሲያመላልስ የኖረ ነው። ሰው ሁሉ ከጎማው ጋር ፎቶ ይነሳል። የባለቤቴ ወንድም ብቻ ዞር ብሎም አላየው። «ይሄ ጎማ ነው? እኔ የምነዳው አራት ሜትር ነው» አለ። እናቱ የቲኬቱን ዋጋ በልባቸው ወደ ብር መንዝረው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለዋወጠና «ታዲያ ያንተን ይዘህ አትመጣም ነበር?» አሉት።

አውቶቡሱ ወደ በረዶው ከመግባቱ በፊት እጅግ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይወርዳል፤ የመንገዱ ቁልቁለት 32 በመቶ ነው። እዚያ ላይ ከሁሉም አገር የመጣ ተሳፋሪ በየቋንቋው ዝም አለ። የአማቴ «በስመ አብ» ብቻ ይሰማል። ከታች ሲደርስ አንድ የውኃ ኩሬ ውስጥ ቀስ ብሎ ገብቶ ወጣ፤ ጎማው የያዘውን ጭቃ በረዶው ላይ እንዳያራግፍ ነው። «እግሩን ታጠበ!» አሉ አማቴ ተገርመው። ከቁልቁለቱ ጀምሮ ለዚያ መኪና ያላቸው አስተያየት ተለወጠ። «ደንብ ያውቃል» ይሉታል እስከ ዛሬ።

በረዶው ላይ ወረድን። አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የልጃቸውን አንዱን ምርኩዝ ነጥቀው፣ ነጭ በነጭ ላይ ቆሙ። ከኋላ ተራራ፣ ከላይ ሰማያዊ ሰማይ። ወዲያው አንዲት ወጣት ቱሪስት መጥታ በምልክት ፎቶ ላንሳዎት አለቻቸው። እሺ አሉ። ቀጥሎ ባሏ መጣ። ቀጥሎ የማናውቃቸው ባልና ሚስት ሕፃን አቅፈው መጡ። ጥቂት ቆይቶ ሰልፍ ነበር። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከፍለን የገባነው እኛ፣ የምንታየውም እኛ» አለችኝ።

ፎቶ ሲባል ግን እዚያ ቦታ ቀልድ የለውም። ግግሩ ላይ ጠባብ አፍ ያላቸው ጥልቅ ስንጥቆች አሉ፤ አንዳንዶቹ አዲስ በጣለ ስስ በረዶ ተሸፍነው ደህና መሬት ይመስላሉ። ከተከለለው መስመር አልፈው ሄደው የወደቁ፣ ገመድ ሳይደርስላቸው በቅዝቃዜ የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ማስጠንቀቂያው ላይ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ፎቶ ስናነሳ አንድ አመል አለን። «ትንሽ ወደ ኋላ! አሁንም ትንሽ!» እንላለን። ባለቤቴ ወንድሟን ስታነሳ ሁለት ጊዜ «ወደ ኋላ» ካለች በኋላ አስጎብኚው ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ መሀላቸው ቆመ።

በእግር የሚኬድም አለ፤ ከአስጎብኚ ጋር፣ ከጫማ ሥር የብረት ጥርስ አስሮ። የባለቤቴ ወንድም በማግስቱ ሄደበት፣ እኔም ልጄን ይዤ ተከተልኩ። የብረት ጥርስ ያሰረ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ሙሉ ጫማውን ጠፍጠፍ እያደረገ መራመድ አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጥርስ የሌላውን እግር ሱሪ ይይዛል። ኤቨረስት የወጣ የሚመስለው ዘመዳችን በሦስተኛው እርምጃ የአዲስ ሱሪውን እግር ዘለዘለው። ቢሆንም ወደ አንድ ጉድጓድ አፍ ወስደውን በሆዳችን ተኝተን ወደ ውስጥ ስናይ እሱም ቀልዱን ተወ። የቀለጠው ውኃ በረዶውን ቦርቡሮ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ድምፁ ከታች ይሰማል እንጂ ማረፊያው አይታይም። ግድግዳው ሰማያዊ ነው። በላዩ ከዓመት ዓመት የተጫነው ክብደት የአየር አረፋውን ጨምቆ አውጥቶ በረዶውን ሲያጠብቀው፣ ብርሃን ጠልቆ ይገባል፤ ቀዩን ቀለም በረዶው ያስቀራል፣ ሰማያዊው ይመለሳል። ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ማን ቀባው?» የሚለውን ጥያቄውን ሰረዘ።

«ሐበሻና የበረዶ ተራራ ምን አገናኛቸው!» አለ የባለቤቴ ወንድም ማታ ሱሪውን እያየ።

ይገናኛሉ እንጂ። ባሌ ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበር፤ ሰሜን ተራሮችም እንዲሁ። ባሌ ውስጥ ፊንቻ ሃበራ በሚባል የድንጋይ ጥላ፣ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። የግግሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ኑሯቸውም በግዙፉ ፍልፈል ላይ የቆመ ነበር፤ እየጠበሱ ይበሉት እንደነበር የተቃጠለው አጥንት ይመሰክራል።

«ፍልፈል?» አሉ አማቴ፤ «ስንቅ ሳይዙ ወጥተው ነዋ!»

ወደ ኤድመንተን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። በረዶው ለምን ይሸሻል? ዓለም ስለሞቀ ነው አልኩ። ምን አሞቀው? ጭስ። የምን ጭስ? የመኪና፣ የፋብሪካ፣ የከሰል፣ የዘይት... እዚህ ላይ የባለቤቴ ወንድም በመስኮት በኩል በጣም ብዙ የሚታይ ነገር አገኘ።

«አንተ የምታወጣው ዘይት?»

«እማዬ፣ እኔ ብቻ አይደለሁማ።»

ይባስ ብዬ እኔ አከልኩበት፤ ከዚያ ግግር የሚወጣው ውኃ የአታባስካን ወንዝ ይዞ ወደ ሰሜን ወርዶ በፎርት ማክመሪ በኩል እንደሚያልፍ፣ እየቀለጠ በደጁ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ዘመዳችን ትንሽ ቆይቶ «የአውቶቡሱን ቲኬት ለሁላችሁም የከፈለው ያው ዘይት ነው» አለ። አማቴ አሰቡበት። «እግዜር ይስጥልን» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኛም ነዳጅ ልንሞላ ቆምን።

አሁን ስለ አንድ ሃይላንድ ልናገር። አማቴ በረዶው ላይ ሳሉ እንደ ሌላው ጎብኚ የቀለጠውን ውኃ ቀድተው ነበር። ሌላው በብርጭቆ ልክ ቀምሶ «አቤት ቅዝቃዜው!» ይላል፤ እሳቸው ግን ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ሞልተው፣ ክዳኑን በላስቲክ አስረው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ለጎረቤት፣ ለእድር ሰው፣ ጉልበቷን ለሚያማት እህታቸው። ጠበል ነው አላሉም፤ አይደለምም አላሉም። ቤት ስንገባ ፍሪጁ ውስጥ የተለየ ቦታ ተሰጠው፤ ልጆቹም ማንም እንዳይነካው ተነገራቸው።

እኔ ዕውቀቴን ማካፈል ስለምወድ አንድ ምሽት ቡና ሲፈላ እንዲህ አልኳቸው፦ ከዚያው ከበረዶው አምባ በሌላ በኩል ሳስካችዋን የሚባል እህት ግግር አለ፤ ከእሱ የሚነሳው ወንዝ ኤድመንተን መሀል ያልፋል፤ ከተማው የሚጠጣው የሱን ውኃ ነው። መንገድ ላይ ብዙ ዝናብና ብዙ ምንጭ ይቀላቀለዋል እንጂ መነሻው ያው በረዶ ነው። «እና እማማ፣ ከቧንቧው ቢቀዱትም ያው ነው። ይህ ቡና ራሱ የተፈላው በሱ ነው።»

ስኒውን አስቀመጡት።

«አሁን ገባኝ» አሉ። «እኔ እኮ ከመጣሁ ጀምሮ ቡናችሁ ለምን ውኃ ውኃ እንደሚል ግራ ገብቶኝ ነበር። ልጄን ሞያ የላትም ብዬ በልቤ ሳማት ከረምኩ።»

የመሄጃቸው ዋዜማ ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጣ። ከ23 ኪሎ ሁለት ኪሎ አለፈ። ባለቤቴ አየችኝ፣ እኔ ሃይላንዱን አየሁ፣ አማቴ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እኔ ለወንድሜ ደብረ ዘይት የላክሁትን አዲስ ጫማ ከነካርቶኑ አወጡና ሶፋው ላይ አስቀመጡት። ሚዛኑ ልክ ሆነ።

ጫማው አሁንም እኛ ቤት ነው። ለኔ በአንድ ቁጥር ይጠበኛል።